የዝዋይን ሐይቅ የውሃ ሙቀት በኮምፒውተር ሞዴል እንዴት እናሰላለን?

ደምበል ተብሎም የሚጠራው የዝዋይ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ በ1636 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ጨው አልባ ሐይቅ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የእንዲህ ያለ ውሃ ሙቀት ከቀን ወደ ቀን ብቻ ሳይሆን ከጠዋት እስከ ማታም ይለዋወጣል። ትነቱ፣ ዓሦቹ የሚተነፍሱት ኦክስጅንና የአልጌው መራባት ሁሉ ሙቀቱን ስለሚከተሉ፣ በየሰዓቱ የሚያሰላ ሞዴል ለተማሪውም ለውሃ ባለሙያውም ብዙ ይጠቅማል። ጀማሪዎች ጊዜያቸውን የሚያጠፉት የትኛው ፕሮግራም ይሻላል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። በእኔ እምነት ግን ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ ውጤቱን የሚወስኑት ለፕሮግራሙ የምንሰጣቸው አራት ነገሮች ናቸው፦ የውሃው ጥልቀት፣ ድፍርስነቱ፣ ነፋሱና የመረጃው ሰዓት።

ፕሮግራም ከመክፈትዎ በፊት የሚከተለውን በወረቀት ያስሉ። ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር፣ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር የሆነ የውሃ ዓምድ 2500 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 1 ኪሎ ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 4186 ጁል ስለሚያስፈልግ፣ ዓምዱን በሙሉ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 10.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይጠይቃል። ወደ ውሃው የሚገባው ሙቀት ከሚወጣው በ100 ዋት በካሬ ሜትር በልጦ ለ24 ሰዓት ቢቆይ 8.64 ሚሊዮን ጁል ይከማቻል፤ ውሃውም በ0.8 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ጥልቀቱ በግማሽ ሜትር ቢቀንስ ያው ሙቀት ውሃውን በአንድ አራተኛ አብልጦ ያሞቀዋል። ስለዚህ በዝዋይ ላይ የሚሠራ ሰው ጥልቀቱን ከመጽሐፍ ላይ ወስዶ ዓመቱን ሙሉ እንደማይለወጥ ቁጥር ማስገባት የለበትም። የመቂና የቀታር ወንዞች በክረምት ሐይቁን ይሞሉታል፤ በበጋ ትነቱ፣ በመስኖ የሚሳበው ውሃና በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ የሚወርደው ደግሞ ያጎድሉታል። በየቀኑ የተመዘገበውን የውሃ ከፍታ ወደ ጥልቀት ቀይረው ይጠቀሙ።

ቀጥሎ የሙቀቱን ገቢና ወጪ ይለዩ። ገቢው ከፀሐይ የሚመጣው አጭር ሞገድ ጨረር፣ ውሃው መልሶ የሚያንጸባርቀው ከ6 እስከ 8 በመቶ ተቀንሶለት፣ እንዲሁም ከሰማይና ከደመና የሚመጣው ረዥም ሞገድ ጨረር ነው። ወጪው ውሃው ራሱ የሚለቀው ረዥም ሞገድ ጨረር፣ በትነት የሚሄደው ሙቀትና ከአየሩ ጋር በመነካካት የሚተላለፈው ሙቀት ሲሆን፣ የመጨረሻው አየሩ ከውሃው ሲሞቅ ገቢ ይሆናል። በ23 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ 420 ዋት በካሬ ሜትር ገደማ ያመነጫል፤ ቀመርዎ ከዚህ በጣም የራቀ ቁጥር ከሰጠ ሙቀቱን ወደ ኬልቪን መቀየርዎን ይመልከቱ። ትነትን ለመገመት በቀን 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ሲተን 28 ዋት በካሬ ሜትር ገደማ እንደሚወስድ ማስታወስ ይበቃል፤ በቀን 5 ሚሊ ሜትር የሚተን ከሆነ 140 ዋት ያህል ይሄዳል ማለት ነው።

የከፍታው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በዝዋይ ከፍታ የአየር ግፊቱ 83 ኪሎፓስካል ገደማ፣ የአየሩ እፍግታም በሜትር ኩብ 1 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈው የባሕር ወለል ግፊት 101.3 ኪሎፓስካልና እፍግታው 1.2 ነው። እነዚህን ሳይቀይሩ ቢተዉ በመነካካት የሚተላለፈው ሙቀት በአንድ አምስተኛ ያህል ተጋንኖ ይወጣል፤ አንዱን ቀይረው ሌላውን ቢረሱ ደግሞ ትነቱም ይዛባል።

የአየር ሁኔታ መረጃ ከሁለት ቦታ ይገኛል። አንዱ የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጣቢያዎች መዝገብ ነው። ሌላው በአውሮፓው የኮፐርኒከስ አገልግሎት በነጻ የሚወርደው ኢአርኤ5 (ERA5) የተባለው የዓለም የአየር ሁኔታ መረጃ ስብስብ ሲሆን፣ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሰዓቱ ጨረርን፣ የአየር ሙቀትን፣ ነፋስንና እርጥበትን ይሰጣል። ሁለቱን ሲያገናኙ ከምንም በላይ ሰዓቱን ይጠንቀቁ። ኢአርኤ5 የሚቆጥረው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ የእሱ ዜሮ ሰዓት በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የጣቢያው ተመልካች በእጁ የጻፈው 3 ሰዓት ጠዋት ይሁን ሌሊት፣ በአገራችን አቆጣጠር ይሁን በውጭው፣ መዝገቡን ከያዘው ሰው ሳይጠይቁ አይገምቱ። ቀኑም ቢሆን የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት አስቦ ወደ አንድ አቆጣጠር መለወጥ አለበት። ጥሩ ማረጋገጫ አለ፦ በዝዋይ ኬንትሮስ ፀሐይ እኩለ ሰማይ ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የብዙ ጥርት ያሉ ቀናትን የፀሐይ ጨረር አማካይ በሰዓት ከፍለው ሲስሉ ጫፉ እዚያ አካባቢ ካልወደቀ ሰዓቱ ተሳስቷል። የጨረሩ አሃድም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ኢአርኤ5 የአንድ ሰዓት ድምርን በጁል ስለሚሰጥ ወደ ዋት ለመቀየር ለ3600 ይካፈላል፣ ኢአርኤ5 ላንድ የተባለው ግን ከቀኑ መነሻ ጀምሮ እየደመረ ስለሚሄድ መጀመሪያ የሁለት ተከታታይ ሰዓቶች ልዩነት መወሰድ አለበት።

ነፋሱ ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው። የኢአርኤ5 አንድ ካሬ ወደ 31 ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ ሐይቁንና የብሱን አንድ ላይ ያማክላል፤ በቀን ከሐይቁ ወደ የብስ፣ በሌሊት ከየብስ ወደ ሐይቁ የሚነፍሰው የአካባቢ ነፋስ በውስጡ በደንብ አይታይም። ቢቻል በዳርቻው ላይ ወይም በደሴት ላይ ነፋስ መለኪያ ያቁሙ፤ ካልተቻለ የነፋሱን ፍጥነት የሚያባዛ አንድ ማስተካከያ ቁጥር ያስገቡና በኋላ በልኬት ያስተካክሉት።

ድፍርስነትን ለመለካት ሴኪ ዲስክ የሚባለውን ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሰሌዳ በገመድ ወደ ውሃው ያውርዱና ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ይመዝግቡ። 1.7ን ለዚህ ጥልቀት ሲያካፍሉ ብርሃኑ በየሜትሩ የሚዳከምበትን መጠን በግምት ያገኛሉ። ሰሌዳው በ25 ሴንቲ ሜትር ቢሰወር መጠኑ 6.8 ይሆናል፤ ይህም ግማሽ ሜትር ጥልቀት ላይ ከብርሃኑ 3 በመቶ ያህል ብቻ ይደርሳል ማለት ነው። የዝዋይ ውሃ ደለል የበዛበት ስለሆነ ጸጥ ባለ ጠዋት የላይኛው ንብርብር ለብቻው ይሞቃል፤ ነፋሱ ሲነሣ ውሃው ከላይ እስከ ታች ይደባለቃል፣ ከሥር ደለል እየተነሣም ውሃው ይበልጥ ይደፈርሳል። ለጥርት ሐይቅ የተዘጋጀውን ቁጥር ያስገባ ሰው ይህን የዕለት ውጣ ውረድ ፈጽሞ አያገኘውም።

ስለ ፕሮግራሞቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኤፍሌክ ቀላልና ፈጣን ነው፤ የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከልም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቆችን የሚያሰላው በእሱ ነው። ጄኔራል ሌክ ሞዴልና ሲምስትራት የንብርብሮቹን ዝርዝር ያሳያሉ፤ ነገር ግን አብሯቸው የሚመጣው የምሳሌ ፋይል ለጥልቅ ሐይቅ የተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል የንብርብሩን ውፍረት ወደ 10 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ያውርዱት። በመነሻው ሙቀት አይጨነቁ፤ እንዲህ ያለ ሐይቅ የተሳሳተ መነሻን በሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚረሳ፣ የመጀመሪያውን ወር ውጤት መጣል በቂ ነው።

ለማረጋገጫ በራሳቸው የሚመዘግቡ የሙቀት መለኪያዎችን በአንድ ገመድ ላይ በ10፣ በ50፣ በ100፣ በ150 እና በ200 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያሰሩና ገመዱን በተንሳፋፊ ጀሪካንና በድንጋይ መልሕቅ ያቁሙት። ከማስገባትዎ በፊት ሁሉንም አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት አቆይተው ንባባቸውን ያስተያዩ፤ የላይኛውን መለኪያ ፀሐይ በቀጥታ እንዳታገኘው ይሸፍኑት። ቦታውን በሐይቁ ዳር ባለችው በባቱ ከተማ ላሉ ዓሣ አጥማጆች አስቀድሞ መንገር ገመዱን ከመረብ፣ መረባቸውንም ከገመዱ ያድናል። ሞዲስ የተባለው በሳተላይት ላይ የተገጠመ መሣሪያና የላንድሳት 8 ሳተላይት የሚያነሡት ምስል ለሰፊው ሐይቅ ይረዳል፤ ሳተላይቱ የሚያየው ግን እጅግ ስሱን የውሃ ገጽ ስለሆነ ከታቹ ውሃ በጥቂት አሥረኛ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ሞዴሉን በበጋ ልኬት አስተካክለው በክረምት ልኬት ይፈትኑት፣ የሚቀይሯቸውም ቁጥሮች የነፋሱ ማባዣና የብርሃኑ መዳከም ብቻ ይሁኑ። አማካይ ስሕተቱ ከ1 ዲግሪ በታች ቢሆን ደስ ይላል፤ ነገር ግን ይህ ብቻ አይበቃም፣ የዝዋይ ሙቀት በዓመት ውስጥ ብዙ ስለማይርቅ ደካማ ሞዴልም ይህን ሊያሟላ ይችላልና። የሚሻለው መፈተኛ የጠዋቱ የላይና የታች ውሃ ልዩነት መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚሰፋና ከሰዓት በኋላ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ከመለኪያዎቹ ጋር ማስተያየት ነው። ልዩነቱ በሞዴሉ ውስጥ ቶሎ ከጠፋ ነፋሱ በዝቷል፤ ጭራሽ ካልታየ ወይ ነፋሱ በዝቷል ወይ ውሃው ከእውነቱ ይልቅ ጥርት ብሎ ገብቷል። ሌሊት ላይ ውሃው ከልኬቱ በላይ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ ከሰማይ የሚመጣውን ረዥም ሞገድ ጨረርና የደመናውን መጠን እንደገና ይመርምሩ፤ የፀሐይን ክፍል መነካካት እዚያ ላይ ምንም አይፈታም።