የሰኞን ድካም በዚያው ማታ እንዴት ማራገፍ ይቻላል

ሰኞ ማታ ቤት ገብታችሁ ሶፋው ላይ ዘፍ ትላላችሁ። ሐሳባችሁ ግን ገና ሥራ ቦታ ነው። ያልተመለሰው ኢሜይል፣ ነገ የሚጠበቀው ሪፖርት፣ ስብሰባ ላይ የሰማችኋት አንዲት ቃል፣ ሁሉም ተከትለዋችሁ ገብተዋል። ስልክ ታነሳላችሁ። ሁለት ሰዓት ሳታውቁት ይሄዳል። ቀና ስትሉ ድካሙ እንዳለ ነው።

እኔም ብዙ ሰኞዎችን እንዲህ አሳልፌያለሁ። ቆይቶ የገባኝ፣ ቤት መግባትና ማረፍ ለየቅል መሆናቸው ነው። መጀመሪያ የሥራው ቀን መዘጋት አለበት። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር የሚጀምረው ከቤት ሳይሆን ከሥራ ቦታ ነው።

1. ሳትወጡ 5 ደቂቃ ጻፉ

ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህች አትቅር። ወረቀት አውጡና ሁለት ነገር ጻፉ፦ ያላለቀውን ሥራ፣ ከዚያም ነገ መጀመሪያ የምትነኩትን። ቁርጥ ያለ ይሁን። «ሪፖርቱን መጨረስ» ብሎ መጻፍ ብዙ አይረዳም። «የሪፖርቱን ሁለተኛ ክፍል ቁጥሮች ማመሳከር» ሲባል ግን ጭንቅላት ነገሩን ለወረቀቱ አስረክቦ ያርፋል።

በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በአሜሪካ የሚገኘው የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ላብራቶሪ አሳድረው ነበር። ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ በቀጣዮቹ ቀናት የሚሠሩትን ጻፉ። የቀሩት ደግሞ የጨረሱትን ጻፉ። ቶሎ እንቅልፍ የወሰዳቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ልዩነቱ ወደ 9 ደቂቃ ይጠጋል። ዝርዝሩ በተብራራ ቁጥር ደግሞ እንቅልፉ ፈጠነ። እኔ ዝርዝሩን ከሥራ ሳልወጣ መጻፍ እመርጣለሁ፤ ምሽቱንም ስለሚያተርፍልኝ።

2. በሥራና በቤት መካከል ትንሽ ክፍተት አብጁ

10 ደቂቃ በእግር መሄድ ይበቃል። ካልተቻለ እንደገባችሁ ልብስ ቀይሩ፣ ፊታችሁን ታጠቡ። ሥራችሁ ቤት ከሆነ ላፕቶፑን ዘግታችሁ ከዓይን አርቁት። ልጆች የሚጠብቋችሁ ከሆነ እነሱን መግፋት አያስፈልግም፤ አብራችሁ ትንሽ ዞር ዞር በሉ። ለእነሱም ቀኑ ረጅም ነበር።

3. ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ አድርጉ

ቢያንስ ለአንድ ሰዓት። የሥራ መልእክት ከመጣ የዘጋችሁትን ቀን መልሶ ይከፍተዋል።

4. ሰውነታችሁን አላሉ

ቀኑን ሙሉ የተወጠረ ጡንቻ መወጠሩን እንኳ አናውቅም። አሁኑኑ ትከሻችሁን አስተውሉት። ወደ ጆሮ ተጠግቶ ይሆን? መንጋጋችሁስ ተነክሷል?

ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለዚህ ቀላል ዘዴ አበጅቷል። ጡንቻን ሆን ብሎ ወጥሮ መልቀቅ ነው። በጀርባችሁ ተጋደሙ። ከእግር ጣቶች ጀምሩ። 5 ሰከንድ ያህል አጥብቃችሁ ያዙ፣ ከዚያ በአንዴ ልቀቁ። ወደ 20 ሰከንድ ያህል የተላላውን ስሜት ብቻ አዳምጡ። ቀጥሎ ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ እጅ፣ ትከሻ፣ በመጨረሻ ፊት። የሚያማችሁ ቦታ ካለ እሱን እለፉት።

መሐል ላይ ትንፋሻችሁን አርዝሙ። 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ትንሽ ዝግ ይላል፤ ማስወጫው ይርዘም የምለው ለዚህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩት ሐሳብ ቢሸሽባችሁ አትናደዱ። ወደ ደረሳችሁበት ጡንቻ ተመለሱ።

5. ሞቅ ባለ ውኃ ታጠቡ

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ከመኝታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ሙቀቱ የእጅና የእግርን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ከታጠባችሁ በኋላ የውስጥ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣል። ሰውነት ሲቀዘቅዝ እንቅልፍ ይቀርባል። ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሆን ውኃና 10 ደቂቃ በቂ ነው። ሻወር ከሌለ እግርን ብቻ መዘፍዘፍም ደስ ይላል።

6. የምትጠጡትን አስቡበት

ከሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና ማታም አብሮን አለ። በአብዛኛው ሰው ሰውነት ውስጥ የካፌይኑ ግማሽ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አልኮልም ቶሎ ቢያስተኛ ሌሊቱን ይቆራርጠዋል፤ ለማክሰኞ ድካም ያቀብላል።

ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት መሥራት ግድ አይደለም። በጣም ከደከማችሁ ወረቀቷንና ሻወሩን ብቻ ያዙ። አልጋ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሱ፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ተቀመጡ፣ ሲመጣ ተመለሱ። ሐሳብ ከቀሰቀሳችሁም ወረቀትና እስክሪብቶ ራስጌ ይኑር፤ ጻፉትና መልሳችሁ ተጋደሙ። እንቅልፍ ማጣቱ ግን በየሳምንቱ 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እየሆነ ለወራት ከዘለቀ ሐኪም አማክሩ። ሕክምና አለው።