ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃው ግን አልመጣም፦ የፓምፕ መሳቢያ ቱቦ አመራረጥና አጠጋገን

ከጥቅምት በኋላ ቦርከናን ተከትላችሁ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ፣ ከዚያም ወደ ጨፋ ብትወርዱ ዳር ዳሩን የውሃ ሞተር ድምፅ አይጠፋም። ቆቦና ጊራና፣ መርሳና ሐይቅ ዙሪያም እንዲሁ ነው። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም በጋውን የሚሻገረው በባለ 2 እና በባለ 3 ኢንች ፓምፖች ነው።

ታዲያ ፓምፑ ውሃ አላነሳ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ሞተሩ ነው። ካንዴላ ይፈታል፣ ካርቡሬተር ይታጠባል፣ መካኒክ ይጠራል። ሞተሩ ከተነሳና ድምፁ ደህና ከሆነ ግን እሱን ተዉት። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከወንዙ እስከ ፓምፑ በተዘረጋው ቱቦ ላይ ነው፤ ባለሱቆቹ ሳክሽን የሚሉት።

ይህ ቱቦ የሚያታልለው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ወደ ማሳው የሚሄደው መግፊያ ቱቦ ሲቀደድ ውሃ ይረጫል፣ ወዲያው ታዩታላችሁ። መሳቢያው ሲቀደድ አንድ ጠብታ እንኳ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ፓምፑ የሚያደርገው ከቱቦው ውስጥ አየሩን መቀነስ ብቻ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ወንዙን ከላይ የተጫነው አየር ነው። በስትሮ ጭማቂ ስትጠጡ ስትሮው ቀዳዳ ካለው የቱንም ያህል ብትስቡ አየር ብቻ እንደሚመጣው ማለት ነው። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ፓምፑን ከጥቅም ውጭ ታደርገዋለች።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቁመቱን ለኩ

የሚለካው ከውሃው ፊት እስከ ፓምፑ ያለው ቀጥ ያለ ቁመት ነው፣ የተዳፋቱ ርዝመት አይደለም። ሜትር ባይኖራችሁም ይሄ ቀላል ነው። ውሃው ዳር ቁሙ። አንገታችሁን ሳታቀኑ ሳትደፉ ቀጥ ብላችሁ ዳገቱን እዩ፣ ዓይናችሁ ያረፈበት ቦታ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። ድንጋዩ ጋ ወጥታችሁ ቁሙና እንደገና እዩ። ከእግራችሁ እስከ ዓይናችሁ 1.5 ሜትር ቢሆንና ፓምፑ ጋ እስክትደርሱ 3 ጊዜ ብታዩ፣ ቁመቱ 4.5 ሜትር ነው። በኅዳር የለካችሁት ደግሞ በመጋቢት አይሰራም፤ ወንዙ ይወርዳል፣ አንዳንዴም አቅጣጫ ቀይሮ ከዳር ይርቃል። የምታስቡት ለዝቅተኛው ጊዜ ይሁን።

አሁን ወደ ወሎ ጉዳይ እንምጣ። አየር ውሃን የሚገፋበት ጉልበት ከቦታው ከፍታ ጋር ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ያነሳል። ቆቦ ከባሕር ጠለል ወደ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚያ 8.6 ያህል ይሆናል። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናት፣ እዚያ ወደ 8.2 ይወርዳል። ደሴ 2,500 ገደማ ላይ 7.6 ብቻ ይቀራል። ይህም አየሩን ጨርሶ ባዶ ማድረግ ለሚችል ፓምፕ ነው። እንዲህ ያለ ፓምፕ ደግሞ የለም።

ስለዚህ ፓምፑ ላይ የተለጠፈው "8 ሜትር" የሚል ጽሑፍ አያሞኛችሁ፣ የተለካው ለባሕር ጠለል ነው። ኮምቦልቻ ላይ 2 ሜትር ቀንሱ። ከቀረው 6 ሜትር ላይ ቱቦው ራሱ ለሚያባክነው 1 ወይም 1.5 ሜትር ተዉ። እኔ በበኩሌ በእኛ አገር ከፍታ ከ4.5 ሜትር በላይ እንዲስብ የሚጠበቅ ፓምፕ ሳይ ወደ ውሃው አስጠጉት ነው የምለው። መግፋቱን ይችልበታል። 20 ሜትር ሽቅብ የሚገፋ ፓምፕ 6 ሜትር መሳብ ሊያቅተው ይችላል።

ማስጠጋት ስል ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የቤንዚን ሞተር አውርዳችሁ አታስነሱ። ውሃው ሲርቅ ብዙ ሰው የሚያስበው መላ ይሄ ነው፣ ሰው ይገድላል። የሞተሩ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ አይታይም፣ አይሸትም። ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ገብቶ ያነሳውን ሰው ይጥለዋል፣ እሱን ላውጣ ብሎ የወረደውንም ይደግማል። ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ ጋዙ ቶሎ አይወጣም። ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ ውሃ ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ወይም የሶላር ፓምፕ ፈልጉ፤ አለዚያም ገመድና ባልዲ ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ምን ይታያል?

ቱቦው እንዳይጨማደድ የሚያደርግ አጥንት ያስፈልገዋል። ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንዱ ጠንካራ የፕላስቲክ ጠመዝማዛ ያለው ፒቪሲ ነው፤ ቀላልና ርካሽ። ሌላው ሽቦ የተቀበረበት ጎማ ነው፤ ከባድና ውድ፣ ግን ፀሐይና ድንጋይ የሚችል። ያንን ጠፍጣፋ ሆኖ የሚጠቀለል ሸራ መሰል ቱቦ ለመሳቢያ አትሞክሩት። ፓምፑ ሲስብ ከንፈሩ ይገጥማል፣ አለቀ።

ለአብዛኛው ገበሬ እኔ የምመርጠው ፒቪሲውን ነው፣ በተለይ ግድግዳው ብርሃን የሚያሳልፈውን። ፓምፑ ሲሰራ የአየር አረፋ በውስጡ ሲሮጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ። አረፋው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቀዳዳው አለ ማለት ነው። ጥቁር ወይም ድፍን ቱቦ ይህንን ይደብቃል።

ስፋቱ ከፓምፑ አፍ አይነስ። ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ላይ "ረከስ ይላል" ብሎ ባለ 2 ኢንች ቱቦ በማጥበቢያ መግጠም የተለመደ ነው። ያው የውሃ መጠን በጠባቡ ሲያልፍ የሚባክነው ጉልበት 7 እጥፍ ያህል ይጨምራል። የቆጠባችሁትን ብር በቤንዚን ትከፍሉታላችሁ። ርዝመቱ ደግሞ የሚበቃችሁን ያህል ብቻ፣ በአንድ ወጥ ቁራጭ ይሁን። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ አየር የሚገባበት በር ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ቱቦውን በእጃችሁ አጥፉት። ክብ ሲሰራ ካልተጣጠፈ ጥሩ ነው። አንዱን ጫፍ ወደ ብርሃን (ወደ ፀሐይዋ ራሷ ግን አይደለም) አዙራችሁ በሌላው በኩል ውስጡን ተመልከቱ። ውስጡ ለስላሳ መሆን አለበት፤ የተላጠ ወይም ያበጠ ቆዳ ካያችሁ መልሱለት። ጫፉን ደግሞ በጣታችሁ ዳብሱ። ግድግዳው በአንድ ወገን ወፍራም በሌላው ሳሳ ካለ፣ የሳሳው ወገን ቀድሞ ይሰነጠቃል። ደጅ ፀሐይ ላይ ተጠቅልሎ የከረመ ቱቦም አትውሰዱ። ሲነኩት ድርቅ ያለና ቀለሙ የነጣ ከሆነ ዕድሜው አልቋል።

ስትዘረጉት

ቱቦው ከውሃው ጀምሮ እስከ ፓምፑ ሳያቋርጥ ሽቅብ ይውጣ። መሀል ላይ ጉብታ ካለው አየር እዚያ ይታሰራል፣ ውሃውም ይቆራረጣል። ጫፉ ላይ ያለው ማጣሪያ ከውሃው ፊት ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይጥለቅ፤ ውሃው ላይ አዙሪት ካያችሁ ፓምፑ አየር እየጠጣ ነው። ከሥር ደግሞ አሸዋ እንዳይስብ ከፍ ይበል። በየካቲትና በመጋቢት ቦርከና ሲሳሳ ይህ ሁሉ ጥልቀት አይገኝም። ያኔ አሸዋውን ቆፍሩ፣ ጎንና ጎኑ የተበሳ ጄሪካን አፉን ቆርጣችሁ ቅበሩ፣ ማጣሪያውን እዚያ ውስጥ አስገቡ። ቅጠሉና ፌስታሉም ይቀርላችኋል።

ቀዳዳውን መፈለግ

ሞተሩን አጥፉ። ቱቦውን ከፓምፑ ፍቱና ጫፉን ከፍ አድርጋችሁ ዛፍ ላይ ወይም ባላ ላይ እሰሩ። ታችኛው ጫፍ ላይ ያለውን ማጣሪያና ፉት ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘውን ባለ ክዳን ዕቃ) ከውሃው አውጡት። ከላይ በባልዲ እስከ አፉ ሙሉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አሁን ነገሩ ይገለበጣል፣ ሲሳብ አየር ያስገባ የነበረው ቀዳዳ ውሃ ያንጠባጥባል። ቱቦውን ከላይ እስከ ታች በደረቅ እጅ ዳብሱት፣ እርጥብ ቦታውን በከሰል ምልክት አድርጉ። ግድግዳው ሁሉ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከላይ እየቀነሰ ከሄደ የሚያፈሰው ፉት ቫልቩ ነው። ፈትታችሁ የውስጡን ክዳን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ጠጠር ወይም የሣር ስር ተቀርቅሮበት ነው፣ ታጥቦ ይድናል። የክዳኑ ጎማ ከተበላ ግን ቀይሩት።

ይሄ ፈተና ቱቦው ፓምፑ ላይ የሚገጥምበትን ቦታ አያሳይም፣ እሱ ለብቻው ይፈተሻል። ቱቦውን መልሳችሁ ግጠሙ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ ወፍራም የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያው ዙሪያ ቀቡ። አረፋው ወደ ውስጥ ሲሰርግ ካያችሁ አገኛችሁት።

መጠገን

መገጣጠሚያው ላይ ከሆነ መጀመሪያ የጎማ ቀለበቱን እዩ። ደርቆ ከተሰነጠቀ ከከመነዳሪ (ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ) ላይ ልኩን ቆርጣችሁ ለጊዜው መተካት ትችላላችሁ። ቀጥሎ ፋሼታው ነው፤ ቱቦውን በብሎን የሚያጠብቀው የብረት ቀለበት። ጠመዝማዛው በውጭ በኩል ጎርበጥ ጎርበጥ የሚልበት ቱቦ ላይ ፋሼታ እኩል አይጨብጥም። ጉብታው ላይ ያርፍና ሸለቆው ላላ ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከከመነዳሪ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ረጅም ጥብጣብ ቁረጡ፣ ጠመዝማዛውን ተከትላችሁ ሸለቆውን እስኪሞላ ጠቅልሉት፣ ከዚያ 2 ፋሼታ አጠገብ ለአጠገብ እሰሩ። የአንዱ ብሎን በአንድ ወገን፣ የሌላው በተቃራኒው ይሁን። ቱቦው አልገባ ካለ ጫፉን ፈላ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ይለሰልሳል። እሳት ላይ አታሳዩት፣ ግድግዳውን ያሳሳዋል።

ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ቦታውን እጠቡ፣ አድርቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ፈትጉ። ከቀዳዳው 10 ሳንቲሜትር ወዲህ ጀምራችሁ የከመነዳሪ ጥብጣብ ሳብ፣ ወጠር እያደረጋችሁ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ እየሸፈነ ጠቅልሉ። 10 ሳንቲሜትር አልፋችሁ ተመለሱና ሁለተኛ ዙር ድገሙት። ጫፎቹን በሽቦ እሰሩ። እዚህ ላይ መሳቢያ ቱቦ አንድ ደግነት አለው፤ ፓምፑ ሲሰራ የውጭው አየር ራሱ ልጣፉን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። በደንብ የተጠቀለለ የከመነዳሪ ልጣፍ ከዘመናዊ ማጣበቂያ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ስንጥቁ ረጅም ከሆነ ወይም ጠመዝማዛው ከተሰበረ ልጣፍ አይረዳም። የተጎዳውን በብረት መጋዝ ቀጥ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ አውጡ። ውጫዊ ስፋቱ ከቱቦው ውስጥ ጋር የሚገጥም የብረት ቱቦ ቁራጭ ፈልጉ። ለባለ 2 ኢንች 20፣ ለባለ 3 ኢንች 25 ሳንቲሜትር ርዝመት ይበቃል። ጫፎቹን በሞረድ አለስልሱ፣ ስለታሙ ጠርዝ ቱቦውን ከውስጥ ይቆርጠዋል። ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው አስገብታችሁ በየወገኑ 2 ፋሼታ እሰሩ። ከዚያ ያንን የውሃ ፈተና ድገሙ።

የማይጠገን ቱቦም አለ። ሞተሩ ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ውሃ ይመጣል፣ ቤንዚን ስትጨምሩ ውሃው ይጠፋል፣ ስትቀንሱ ይመለሳል። ፈተሻችሁት፣ የትም አያንጠባጥብም። ይህ የውስጥ ቆዳው የተላጠ ቱቦ ነው። ስትስቡ የተላጠው ቆዳ ተነስቶ መንገዱን ይዘጋል፣ ስታጠፉ ይተኛል። ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ ባለቤቱም ስንት መካኒክ ይቀያይራል። ደህናው ክፍል ረጅም ከሆነ ቆርጣችሁ እሱን ተጠቀሙ፣ ካልሆነ ጣሉት።

ሥራው ሲያልቅ

ወንዙ ውስጥ ጥላችሁት አትደሩ፣ ድንገት ደራሽ ውሃ ይወስደዋል። ውሃውን አፍስሱ፣ ድንጋይ ላይ ሳትጎትቱ ተሸከሙት። ከማሳ ማሳ ስታዞሩት ላዩንና ታቹን እያቀያየራችሁ ዘርጉት። የቦርከና ውሃ አሸዋ ስላለው ቱቦው ውስጡ የሚበላው በሥር በኩልና መታጠፊያው ላይ ነው፣ ሲገለባበጥ እኩል ያልቃል። ክረምት ሲገባ በሰፊ ክብ ጠቅልላችሁ ጥላ ያለበት ቤት ውስጥ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሚስማር ላይ ካንጠለጠላችሁት የተንጠለጠለበት ቦታ ይታጠፋል፤ ሰፋ ያለ ጣውላ ላይ ይረፍ። ሁለቱንም አፍ በጨርቅ ድፈኑ፣ አይጥ ውስጡ ጎጆ ትሠራለች፣ ቆዳውንም ትቀረጥፋለች።