መብራት ሲመጣ የማይነሳው ሲስተም፦ የዶከር ኮምፖዝ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ ለቡና መጋዘኖችና ለፋርማሲዎች በዶከር ኮምፖዝ ሲስተም እተክላለሁ። ዶከር እያንዳንዱን ፕሮግራም ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ሳጥን ውስጥ ያስኬዳል፤ ኮምፖዝ ደግሞ ኮንቴይነሮቹን በአንድ ፋይል አብሮ የሚያስነሳ መሳሪያ ነው። ደጋግሞ የሚያስጠራኝ ብልሽት አንድ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ይነሳል፤ ሲስተሙ ግን አይሰራም።

ምልክቱ፦ ኮንቴይነሮቹ ሁሉ እየሰሩ ነው ይላል፣ ገጹ ግን ኤረር ብቻ ያወጣል። የአፕሊኬሽኑን ሎግ (የሚጽፈውን የመልእክት መዝገብ) መብራት ከመጣበት ደቂቃ ጀምራችሁ አንብቡ። ዳታቤዙ ገና እየተነሳ ነው የሚል መልእክት እዚያ አለ።

ምክንያቱ፦ ዳታቤዙ ፖስትግረስ ድንገት ከጠፋ፣ ሲነሳ መጀመሪያ ዳታውን ለውጦችን ከሚመዘግብበት ከራሱ ሎግ ላይ ያስተካክላል። እስኪጨርስ ማንንም አያስገባም። አፕሊኬሽኑ አንዴ ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስላልሞተ ደግሞ የሞተ ኮንቴይነርን መልሶ የሚያስነሳው የሪስታርት ትእዛዝ አይነካውም።

«ዲፔንድስ ኦን ጽፌያለሁ እኮ!» ይሉኛል፤ አፕሊኬሽኑ ከዳታቤዙ በኋላ ይነሳ የሚለውን የኮምፖዝ ፋይል መስመር ማለታቸው ነው። ብቻውን ከተጻፈ ኮንቴይነሩ መጀመሩን እንጂ ዳታቤዙ ዝግጁ መሆኑን አይጠብቅም። ፒጂ ኢዝሬዲን (ፖስትግረስ ዝግጁ መሆኑን የሚጠይቅ ትእዛዝ) የሚጠራ ሄልዝቼክ፣ ማለትም የጤና ፍተሻ፣ ዳታቤዙ ላይ ጨምሩና የዲፔንድስ ኦንን ቅድመ ሁኔታ ሰርቪስ ሄልዚ አድርጉት። ይሄም ግማሽ መፍትሄ ነው። ቅደም ተከተሉ የሚከበረው ሲስተሙን እንደ ኮምፖዝ አፕ ባለ የኮምፖዝ ትእዛዝ ስታስነሱ ብቻ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ኮንቴይነሮቹን የሚያስነሳው ራሱ ዶከር ነው፤ እሱ የኮምፖዝ ፋይላችሁን አያነብም።

ኮዱ የእናንተ ከሆነ ግንኙነቱን ደጋግሞ እንዲሞክር ጻፉት። ካልሆነ ሪስታርቱን አጥፉና ማሽኑ ሲነሳ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው) ኮምፖዝ አፕን እንዲያስኬድ አድርጉ። ለጊዜው ግን አፕሊኬሽኑን ብቻ ሪስታርት ማድረግ ይበቃል።

ሲስተሙን በሚያወርደው በኮምፖዝ ዳውን ላይ ቪ እንዳትጨምሩ! ቪ የዳታቤዙ ዳታ የተቀመጠበትን ቮልዩም ይሰርዛል። አንድ መጋዘን ውስጥ ቡና ይዘው የመጡ ሰዎች በር ላይ ደረሰኝ እየጠበቁ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ልጅ ተጨንቆ ዳውንን ከነቪው መታው። ባካፕ የሚባል ነገር አልነበረም። የአቅራቢውን ስም፣ ኪሎውን፣ ዋጋውን ከወረቀት ደረሰኝ ላይ አንድ በአንድ መልሰን አስገባን። ባካፕ ሳትይዙ ሲስተም አታስረክቡ። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ መሳሪያ) አትግዙ።

ሌላው ብልሽት የሚገጥመኝ አልፎ አልፎ ነው። ኮንቴይነሩ በመውጫ ኮድ 137 ከወጣ ብዙውን ጊዜ ሚሞሪ አልቆበት ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ሆኖ ዳታቤዙን በሎካልሆስት የሚፈልግ አፕሊኬሽን አያገኘውም፤ ሎካልሆስት ማለት የራሱ ኮንቴይነር ነውና፣ በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ያለውን የዳታቤዙን ሰርቪስ ስም ስጡት። የኮምፖዝ ፋይሉ አልነበብ ካለ ታብ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ በስፔስ ተኩት።