ከፍቺ በኋላ ወደ ቅዱስ ቁርባን መመለስ፦ ካቶሊካዊ ምእመን ከየት ይጀምር?

በፍርድ ቤት ስለተፋቱ ብቻ ለዓመታት ከቅዱስ ቁርባን የራቁ ካቶሊኮች አሉ። ማንም ሳይከለክላቸው ራሳቸውን መከልከላቸው እጅግ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ያሉበትን ሁኔታ ይለዩ። ተፋተው ሌላ ትዳር ካልያዙ ፍቺው በራሱ ከቁርባን አያግድዎትም፤ እንደ ማንኛውም ምእመን፣ ከባድ ኃጢአት ካለ ተናዝዘው ይቅረቡ። ጥያቄው የሚነሣው ዳግመኛ ሲያገቡ ነው። በሁለት ጥሙቃን መካከል የጸናና (በቤተ ክርስቲያን ሕግ ዋጋ ያለው) በሩካቤም የተፈጸመ ጋብቻን ከሞት በቀር የሚፈታው እንደሌለ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። የመጀመሪያው የትዳር ጓደኛ በሕይወት ሳለ ሌላ ያገባ ሰው በመደበኛው ሥርዓት አይቆርብም። ይሁን እንጂ አልተወገዘም፤ ቅዳሴውም ጸሎቱም የእርሱ ነው።

ቀጥሎ የቁምስናዎን (የአጥቢያዎን) ካህን ያነጋግሩና የመጀመሪያው ጋብቻ ከመነሻው የጸና ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። ይህን የሚመረምረው የሀገረ ስብከቱ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነው። ጋብቻው ከመነሻው አልጸናም የሚል ውሳኔ «የቤተ ክርስቲያን ፍቺ» አይደለም፤ ልጆችንም ከሕጋዊነት አያወጣም።

አቤቱታ ሲያቀርቡ የጥምቀት፣ የጋብቻና የፍቺ ማስረጃ እንዲሁም ምስክሮች ያስፈልጋሉ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክረው አለ፤ ስለ ጠባችሁ ብቻ አይጻፉ። ዳኞቹ የሚመዝኑት በሠርጉ ቀን የተሰጠውን ፈቃድ ነው። ተገደው ነበር? ከሁለት አንዳችሁ ልጅ መውለድን ወይም ታማኝነትን በልቡ ገሸሽ አድርጎ ነበር? የጋብቻን ትርጉም ለመመዘን የሚያስችል ብስለት ነበራችሁ? ከሠርጉ በኋላ የተፈጸመ ዝሙት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የቀድሞ ባልዎ ወይም ሚስትዎ ይጠራሉ፤ ለጋብቻው ጽናት የሚከራከር ሹምም ይመደባል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሕግ፣ ቀድሞ ይጠየቅ የነበረውን ከሌላ ፍርድ ቤት የሚሰጥ ሁለተኛ ተመሳሳይ ፍርድ መጠበቅ ቀርቷል። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙና ማስረጃው ግልጽ ከሆነ ደግሞ ጳጳሱ በአጭር ሥርዓት ሊወስኑ ይችላሉ።

ጋብቻው ያልጸና ነበር ከተባለና ሌላ ዕገዳ ከሌለ፣ አሁን ያለውን ትዳር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አስፈጽመው፣ ተናዝዘው ይቆርባሉ።

ካልተባለስ? ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ለልጆች ሲሉ መለያየት የማይችሉ ጥንዶች እንደ ወንድምና እህት ለመኖር ከወሰኑ ንስሐና ቁርባን መቀበል እንደሚችሉ ጽፈዋል። ይህ ከባድ መሥዋዕትነት ነው፤ ቀላል እንደሆነ አድርጎ ማውራት አይገባም። ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሰነድ የእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ ከካህን ጋር በጥንቃቄ እንዲመረመር አሳስበው፣ በአንዳንድ ሁኔታዎች የምሥጢራት (የንስሐና የቁርባን) እርዳታ ሊኖር እንደሚችል በግርጌ ማስታወሻ አመልክተዋል። ጳጳሳት ይህን የተረዱበት መንገድ ስለሚለያይ፣ ብቻዎን አይወስኑ፤ ታሪክዎን ሳይደብቁ ለካህንዎ ይንገሩ።