ሞክሼ ፊደል፣ ሞክሼ ሰው፦ በቤት ሽያጭ ውል የሚገጥሙ የስም ችግሮችና መፍትሔያቸው

ሞክሼ ፊደል፣ ማለትም እንደ ሀ፣ ሐና ኀ ድምፁ አንድ መልኩ የተለያየ ፊደል፣ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል፤ ሞክሼ ሰው ደግሞ ሁለቱን አንድ። የስም ጣጣ ሁሉ ከእነዚህ ከአንዱ ባይመጣም አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ውሉ «ስሙ ከካርታው ጋር አይገናኝም» ተብሎ ሲመለስ

መነሻው፦ «ኃይለ ሥላሴ»ን እንውሰድ። መነሻ ፊደሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ «ሥ» በ«ስ»፣ «ሴ» በ«ሤ» ይተካል። ይኸው 24 አጻጻፍ ሆነ፤ አንዱ አጣብቆ ሌላው ነጥሎ ሲጽፈው 48። ለጆሮ ሁሉም አንድ ነው፤ ፊደል በፊደል ለሚያመሳክር ኮምፒውተር ግን 48 የተለያየ ስም ነው። በእዝባር የሚያጥረው ይብሳል። «ወ/ማርያም» ወልደ ነው ወለተ? «ተ/ሚካኤል»ስ ተክለ ነው ተስፋ?

መፍትሔው፦ የካርታው አጻጻፍ ስህተት ቢመስልም ውሉ ላይ አታቃኑት፤ እንዳለ ገልብጡት። ከዚያ የመታወቂያውን አጻጻፍ ከነቁጥሩ ከጎኑ አስገቡ፦ «ሻጭ፦ በካርታው ላይ ‹ኃ/ሥላሴ …›፣ በመታወቂያ ቁጥር … ላይ ‹ሀይለስላሴ …› ተብለው የተመዘገቡት፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው የሆኑ»። ሻጩ ይህንኑ በቃለ መሐላ ያረጋግጥ፤ የቀድሞ መታወቂያ ካለው ይያያዝ። መዝጋቢው በዚህ ካልረካ መጀመሪያ ካርታው ይታረም፣ ሽያጩ ይከተል። ዋናው ክፍያ እስከዚያ መለቀቅ የለበትም።

«ነፃ ነው» የተባለ ቤት ላይ ዕዳ ወይም እግድ ሲገኝ

ይህኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ የሚታወቀው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ስለሆነ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ማጣራቱ በአንድ አጻጻፍ ብቻ መደረጉ ነው። መጀመሪያ በንብረቱ መለያ ቁጥር ፈልጉ፤ ቁጥር ሞክሼ የለውም። ቀጥሎ በስም፦ በካርታው አጻጻፍ፣ በመታወቂያው፣ በአጭሩ፣ በሙሉው፣ ሻጩ ቀድሞ ይጠራበት በነበረው ስም ጭምር። የትኞቹ አጻጻፎች መቼ እንደተፈለጉ በጽሑፍ ያዙ።

የተገላቢጦሹም አለ፤ የሌላ ሰው ዕዳ በሻጩ ስም ይገኛል። የአያት ስም፣ የልደት ቀን፣ የመታወቂያ ቁጥርና በመዝገቡ ላይ ያለውን አድራሻ አመሳክሩ። ሻጩ «እኔ አይደለሁም» ስላለ ብቻ አትለፉት፤ ባለዕዳው ሌላ ሰው መሆኑን ከአበዳሪው ወይም እግዱን ከሰጠው ፍርድ ቤት በጽሑፍ አምጡ።

በአንድ ስም ገዝቶ በሌላ ስም ሲሸጥ

ሰው በጋብቻ ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ ስሙን ሲቀይር ካርታው አብሮ አይቀየርም። የጋብቻ ሰነዱ ወይም ውሳኔው ሁለቱን ስሞች የሚያገናኝ ድልድይ ስለሆነ ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ ቀኑና ቁጥሩም ውሉ ውስጥ ይጠቀስ። በድርጅት በኩል ስህተቱ በሱቁ ሰሌዳ ላይ ያለውን የንግድ ስም መጻፍ ነው። በምዝገባ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ሙሉ ስም እስከ መጨረሻው ይጻፍ፦ ስሙ አንድ ሆኖ አንዱ «ኃ.የተ.የግ.ማ.» (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር)፣ ሌላው «አ.ማ.» (አክሲዮን ማኅበር) ከሆኑ ሁለት የተለያዩ ማኅበራት ሊሆኑ ይችላሉ።

ውሉ መሐል የማይታወቅ ሰው ስም ሲገኝ

ካለፈው ውል ተገልብጦ የቀረ ነው። ሙሉ ስም መግቢያው ላይ አንዴ ተጽፎ «ከዚህ በኋላ ሻጭ እየተባሉ» ከተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ከፊርማው ቦታ በቀር ስም አያስፈልግም። ወኪል ከፈረመም የራሱን ስም ጽፎ «በ… ወኪልነት» ይበል።

ስህተቱ ከተመዘገበ በኋላ ሲታይ

በእስክሪብቶ መደለዝ ወይም ገጽ መቀየር ሰነዱን ሐሰተኛ ያስመስለዋል። የማረሚያ ውል አዘጋጁ፦ የዋናው ውል ቀንና ቁጥር፣ የተሳሳተው ስም እንደተጻፈ፣ ትክክለኛው ስም፣ ሌላው የውሉ ቃል እንደጸና የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር። ሁለቱም ወገኖች ፈርመው እሱም ይመዝገብ። ሻጩ ከሞተ ወይም እምቢ ካለ የሚቀረው ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ ርክክብ ሳይደረግ፣ ሻጩ ስልክ በሚያነሳበት ሰዓት ጨርሱት።