ማይክ ከመቀየራችሁ በፊት፦ የቤት ስቱዲዮ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ላይ ራሳቸውን አስተምረው ከቤታቸው ማስታወቂያና ትረካ የሚያነቡ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት "የትኛውን ማይክ ልግዛ?" ብለው ነው። ቆይ፣ ብሩን ያዙት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማይኩ አይደለም፣ የክፍሉ ነው።

ድምፁ ባዶ ጎተራ ውስጥ የተነገረ ይመስላል?
የተለሰነ ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለልና መስታወት ድምፅን መልሰው ይተፉታል። አንዴ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ቶሎ ካልሞተ ክፍሉ ገና ነው። የእንቁላል ካርቶን መለጠፉን ተዉት፣ ስስ ስለሆነ እዚህ ግባ የሚባል ሥራ አይሠራም። የሚያስፈልገው ወፍራም ነገር ነው። ከጀርባችሁ ፍራሽ አቁሙ፣ ምክንያቱም ማይኩ ፊቱን ወደ እናንተ ስላዞረ በደንብ የሚሰማው ከኋላችሁ የሚመለሰውን ነው። በግራና በቀኝ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ። ከዚያ ማይኩን ወደ አፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አቅርቡት። ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ያለው ሰው ደግሞ በሩን ከፍቶ ወደዚያው ቢያነብ ግማሹ ሥራ አለቀለት።

ከሥር "ኡኡኡ" የሚል ነገር አለ?
የመብራት ድምፅ ነው፣ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እዚያው አካባቢ ያጉረመርማል። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ቅዱ። ጠፋ? ጥፋተኛው ተገኘ። ካልጠፋ የማይኩን ገመድ ከመብራት ገመድ አርቁ። ፍሪጅም ንቀሉ፤ የቤት ቁልፋችሁን ግን እዚያው ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፣ አለዚያ መልሳችሁ መሰካቱን ትረሱና ከእናት ጋር ትጣላላችሁ።

የውጭ ጫጫታ ይገባል?
ጋቢው የክፍሉን ማሚቶ እንጂ የመንገዱን ባጃጅ አያስቆምም። መፍትሄው ሰዓት መምረጥ ነው። ንጋት ጸጥ ይላል ብላችሁ ግን አትተማመኑ፤ የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ነው ያላችሁት፣ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ቤታችሁ ይገባል። አመሻሽቶ፣ መንገዱ ሲበርድ ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የትኛውም ሶፍትዌር አያድናችሁም፣ ስለዚህ በክረምት ለደንበኛ ቀን ስትቆርጡ አንድ ሁለት ቀን ጨምሩ። ለጥምቀት ሰሞንማ ባትቀጠሩ ይሻላል።

"ፐ" እና "በ" ላይ "ቡፍ" ይላል?
ትንፋሻችሁ ማይኩን እየመታው ነው። ማይኩን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፣ ፖፕ ፊልተርም (ከማይኩ ፊት ቆሞ ትንፋሹን የሚሰብረውን ስስ ወንፊት) ጨምሩ።

ድምፁ ይሰነጣጠቃል?
ጌይኑ፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ ለቅጂ የሚያጎላው መጠን፣ በዝቷል። ጮክ ያለው ቃል በመቅጃ ሶፍትዌሩ መለኪያ ላይ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ቀንሱ። የተሰነጠቀውን ለማዳን አትድከሙ፣ እንደገና ቅዱ።

ደንበኛው "ንባቡ ልክ አይደለም" ብሎ መለሰው?
ይሄ የዕቃ ችግር አይደለም። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ስለማያሳይ፣ ሳትቀዱ በፊት በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። የሰውና የድርጅት ስም ካለ ደንበኛው ራሱ ብሎት በድምፅ መልእክት ይላክላችሁ።