ቀውላላ ሞተረኞች ሞተራቸውን ለቁመታቸው ሲያስተካክሉ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ቁመቴ 1 ሜትር ከ94 ነው። ልጅ እያለሁ የሰፈር ስሜ «ቀውላላው» ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ዛሬም አንገቴን ሰብሬ ነው የምቀመጠው። ስለዚህ ረጅም ሰው ሞተር ላይ ሲወጣ ጉልበቱ የት እንደሚደርስ በወሬ ሳይሆን በገዛ ወገቤ ነው የማውቀው።

ጋራዤ ሱሉልታ ነው። ከእንጦጦ ወርዶ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሞተረኛ በደጃፌ ያልፋል። ሲሄድ እጁን አውለብልቦ ያልፋል፤ ሲመለስ ወገቡን ይዞ ይቆማል። «ለቁመቴ አስተካክልልኝ» የሚባለው ያኔ ነው። አብዛኛው ግን እኔ ጋ የሚመጣው መጀመሪያ ራሱ ነካክቶት፣ ወይም ሰፈሩ ያለ በያጅ ጋ ወስዶት ነው። የሠሩትን ማፍረስ አዲስ ከመሥራት ይበልጥ ይደክማል። ሰለቸኝ፣ ጻፍኩት።

ከመሪው መጀመር

ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ልጁ ይመጣል። «ጋሼ፣ ወገቤን እያመመኝ ነው፣ መሪውን ከፍ አድርግልኝ።» እስቲ ተቀመጥበት እለዋለሁ። ሲቀመጥ ጉልበቱ ሽቅብ ወጥቶ ክርኑን ሊነካ ምንም አይቀረው። ታዲያ መሪው ምን አደረገህ? ጉልበት አለመጠን ሲታጠፍ ዳሌ ወደ ኋላ ይጋደማል። ዳሌ ሲጋደም ወገብ ይጎብጣል። የሚያመው ወገብ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ግን ታች ነው። በመርገጫውና በመቀመጫው መካከል ያለው ርቀት አጥሮበታል። መሪውን ባነሳለት የጎበጠው ወገብ እንደጎበጠ ነው፣ ትከሻው ብቻ ከፍ ይላል።

ሥራው ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ መቀመጫ፣ በመጨረሻ እጅ። ጉልበት ከ90 ዲግሪ ከፈት ብሎ መቀመጥ አለበት። መቀመጫው 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ደግሞ መሪው 3 ሴንቲ ሜትር የወረደ ያህል ነው። መሪውን ቀድሞ ያስነሳ ሰው እንደገና ሊያስነሳ ይመለሳል። ሁለቴ ይከፍላል ማለት ነው። ለእኔ ጥሩ ነው፣ ግን አልወደውም።

ሌላም አለ። የመሪው አንገት ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፣ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። በዚያው አቅጣጫ 30 ሚሊ ሜትር ሲነሳ ወደ ነጂው 14 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠጋል። ክንዱ ረጅም ለሆነ ሰው መሪ ሲጠጋበት ክርኑ እንደ ዶሮ ክንፍ ይታጠፋል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ እንዴት ዶሮ ይሆናል?

ከዚያ ገመዶቹ። የነዳጅ ገመድ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ቱቦ፣ የመብራት ሽቦ፣ ሁሉንም ፋብሪካው የቆረጣቸው ለራሱ መሪ ቁመት ነው። 20 ሚሊ ሜትር ብዙ ሞተር ይችላል። 30 የሚችለው አንዳንዱ ነው። አንድ ልጅ ሁለት ማንሻ (መሪውን ከፍ ለማድረግ ከሥሩ የሚገባ ብረት) ደራርቦ 5 ሴንቲ ሜትር አስነሳ። ገመድ አልቀየረም። ጫንጮ ከተማ ላይ ሊዞር ብሎ መሪውን እስከ ጥግ ሲጠመዝዝ የነዳጁ ገመድ ተወጠረ። ሞተሩ ማንም ሳያዘው ነዳጅ ሰጠ። አስፋልቱን ተሻግሮ ድርቆሽ ክምር ውስጥ ገባ። ድርቆሹ ባይኖር ቦዩ ነበር የሚቀበለው። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም፤ የፍሬን ቱቦው እንደ ክራር አውታር ተገትሮ እያየሁት ነበር።

ማንሻ ከገባ በኋላ ማርሹን ባዶ አድርጋችሁ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱት፣ አሞርዛተሩ (የጎማውን ነውጥ የሚያበርደው) እስከ መጨረሻው ይዘርጋ። ሞተሩን አስነሱና መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ድምፁ ቅንጣት ታህል ከፍ ካለ የነዳጁ ገመድ አጥሯል። ቱቦው ከተገተረም አትንዱት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ብሎኑስ? ቶርኖ ቤት የተሠራ ማንሻ መጥፎ አይደለም፣ እኔም አሠራለሁ። ግን ማንሻ ሲገባ ረጅም ብሎን ይፈለጋል፤ ያኔ ከመሳቢያ የተገኘው ይታሰራል። ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ያልተጻፈበት ብሎን መሪ ላይ አይገባም። አለቀ።

ሞተሩ ምን እንዳለው ሳያዩ መቁረጥ

አንድ ጊዜ ሱዙኪ ዲአር 650 መጣልኝ። ባለቤቱ 1 ሜትር ከ90 ነው፣ ሞተሩን የገዛው ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው። ወንበሩን ሊያስጨምር ስፖንጁን ሁሉ ገዝቶ ነው የመጣው። እኔ ግን ዓይኔ የኋላው አሞርዛተር የታሰረበት ቀዳዳ ላይ አረፈ። ዲአር 650 ከፋብሪካው ሲወጣ የመቀመጫው ከፍታ 885 ሚሊ ሜትር ነው፤ አጭር ሰው ከገዛው ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነው የተሠራው። ለካ ፈረንጁ አጭር ኖሯል! የኋላውን ወደ ላይኛው ቦታ መለስኩት፣ የፊቱንም ፈትቼ አስተካከልኩት። ልጁ 4 ሴንቲ ሜትር ያለ መቀስ አገኘ። ስፖንጁን እኔ ጋ ትቶት ሄደ። አሁን የእኔ ድመት ትተኛበታለች።

ቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ ወይም እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የሆንዳ አፍሪካ ትዊን የያዛችሁ፣ ወንበሩን ነቅላችሁ ሥሩን እዩት። 850 እና 870 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ከፍታ አለው። አንድ ሐኪም ደንበኛዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝቅተኛው ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ሲያሽ ነበር። ጉልበት ሐኪም መሆኑን ባልናገር ይሻላል።

የፍራሽ ስፖንጅ

ጋራዥ ውስጥ ሲቀመጡበት ሶፋ ነው። ደንበኛው ፈገግ ይላል። ጫንጮ ሳይደርስ ግን ስፖንጁ ይተኛና ቂጥ ከታች ያለውን ፕላስቲክ ያገኘዋል። የፍራሽ ስፖንጅ የተሠራው ክብደቱ ተዘርግቶ ለሚተኛ ሰው ነው፤ እኛ ግን ያንን ሁሉ ክብደት በሁለት መዳፍ በምታክል ቦታ ላይ ነው የምናሳርፈው። ለወንበር የሚሆነው ጠንከር ያለው ነው። ከብጥስጣሽ ስፖንጅ ተጨምቆ የሚሠራውን ዝንጉርጉሩን ከታች አድርጉት፣ ለስለስ ያለውን አንድ ጣት ያህል ከላይ። መጀመሪያ ቀን ይቆረቁራል። ሁለት መቶኛው ኪሎ ሜትር ላይ ታመሰግኑኛላችሁ።

ደግሞ ለረጅም ሰው ከፍታ ብቻ አይበቃም። ብዙ ወንበር ነጂው ከሚቀመጥበት ጀርባ ደረጃ አለው። ያ ደረጃ ነው ወደ ሰልባቲዮው (ወደ ነዳጅ ታንከሩ) የሚገፋን። እሱን አስጠርቦ ወደ ኋላ ማሸሽ አንዳንዴ 3 ሴንቲ ሜትር ከመጨመር ይበልጣል። ለምን እንደማይጠይቁኝ አላውቅም፣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ከፍታ ነው።

ሳታለብሱት ንዱት። ጥሬውን ስፖንጅ በላስቲክና በፕላስተር ጠቅልላችሁ አንድ ሳምንት ተቀመጡበት። መልኩ ያስቃል፣ ይሳቁ። ከለበሰ በኋላ መጥረብ ማለት እንደገና መስፋት ነው። ስፌቱም የምትቀመጡበት መሃል ላይ እንዳይውል ለሚያለብስላችሁ ሰው ንገሩት። ሐምሌ ላይ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ እስከ መስቀል አይደርቅም።

መርገጫ ማውረድ

ጥሩ ዘዴ ነው፣ በልኩ ከሆነ። 2 ሴንቲ ሜትር ለጉልበት ብዙ ነው። 5 ያስወረደ ሰው ግን እኛ ሰፈር ኮብልስቶኑ ላይ ሲታጠፍ ብረቱ መሬት ይጭራል። ፍጥነት መቀነሻውን ሲያልፍም መርገጫው ቀድሞ ይነካል።

መርገጫው ሲወርድ የፍሬን ፔዳሉና የማርሹ መምቻም አብረው መውረድ አለባቸው። አለበለዚያ ፍሬን ለመያዝ እግር መነሳት አለበት፤ አህያ ድንገት መንገድ ስትገባ ያቺ ግማሽ ሰከንድ የት ትገኛለች? ፔዳሉ ሲወርድ የፍሬን መብራቱ ሳይረገጥ በርቶ እንዳይቀርም እዩ።

ብየዳን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። አንዱ መርገጫውን ቆርጦ አስበየደ። ብየዳው ሲያዩት ያምር ነበር። ቆሞ ሲነዳ ተገነጠለ፣ ሁለት ጥርሱን ሰልባቲዮው ላይ ትቶ መጣ። ቆሞ ሲነዱ መላ ሰውነት በሁለት መርገጫ ላይ ነው ያለው፣ ጉብታ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። በብሎን የሚታሰር ማውረጃ አሠሩ። የግድ የሚበየድ ነገር ካለ ባትሪውን ሳትነቅሉ አታስነኩ፤ አዳዲሶቹ ሞተሮች ኮምፒውተር አላቸው።

ኋላውን ማስነሳት

እዚህ ላይ ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ድሮ የነበረኝ ሞተር ላይ ከኋላው አሞርዛተር ሥር ያሉትን ሁለት ማያያዣ ብረቶች አሳጥሬ አሠራሁ። ሲያጥሩ ኋላው ይነሳል። 4 ሴንቲ ሜትር ተነሳ፣ እግሬ ዘና አለ፣ ደስ አለኝ። ፊቱን ግን አልነካሁትም። ኋላ ብቻ ሲነሳ የፊት ጎማው ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ መሪው ቀልሎ ይርበተበታል። የጭነት መኪና ሲያልፈኝ ነፋሱ ከመንገድ ሊያስወጣኝ ይደርስ ነበር። እሱንም ቻልኩት። የረሳሁት ስታንዱን ነው።

ሞተር ከፍ ሲል የጎን ስታንዱ ያጥርበታል፣ ሲቆም አለመጠን ይጋደማል። ደጄ ላይ አቁሜው ቡና ልጠጣ ገባሁ። ጎረቤቴ እማማ በርበሬ አስጥተው ነበር። ድምፁን ሰምቼ ስወጣ ሞተሩ ከነቤንዚኑ በርበሬው ላይ ተኝቷል። «ዋናው ያንተ ጤና ነው ልጄ» አሉኝ፤ ፊታቸውን አዙረው ነው ያሉት። አንድ ፈረሱላ ገዝቼ ከፈልኩ። በማግስቱ የፋብሪካውን ማያያዣ ብረቶች መልሼ አሰርኳቸው።

ከዚያ በኋላ ነው መጀመሪያ መሠራት የነበረበትን የሠራሁት። ረጅም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከባድም ነው። ሞላው ለእኛ ተወጥሮ አይመጣም፤ ስንቀመጥ ይሰምጣል፣ ሞተሩም አጭር ሆኖ ይታየናል። የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ ከጎማው መሃል እስከ ጭራው ለኩ። ከዚያ ሙሉ ልብሳችሁን ለብሳችሁ፣ ሻንጣውን ጭናችሁ ተቀመጡና እንደገና ለኩ። ልዩነቱ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚጫወትበት ርቀት አንድ ሦስተኛ ያህል መሆን አለበት። 20 ሴንቲ ሜትር የሚጫወት ሞተር 7 ገደማ ይስመጥ። 10 ከሰመጠ ሞላውን አጥብቁ። 3 ሴንቲ ሜትር በነፃ አገኛችሁ። እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁትም ከሰመጠ ሞላው ራሱ ለክብደታችሁ ቀጭን ነው፣ ይቀየር።

ረጅም መስታወት

ለረጅም ሰው ረጅም የፊት መስታወት ትክክል ይመስላል። ችግሩ ከመስታወቱ ጫፍ የሚወጣው ነፋስ እየተገለባበጠ መምጣቱ ነው፤ ጫፉ አገጭ አጠገብ ከደረሰ ያ ሁሉ ሄልሜት ላይ ይወቅጣል። የሱሉልታ ሜዳ ላይ በ80 እየነዳችሁ ከወንበር ቀስ ብላችሁ ተነሱ። ጭንቅላታችሁ ጸጥ ካለ ረጅም ሳይሆን አጭር መስታወት ነው የሚያስፈልጋችሁ። እኔ የራሴን በመጋዝ 8 ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩት። ደረቴን ነፋስ ይመታኛል፣ ጆሮዬ ግን ዳነ።

ጥቃቅኖቹ

ሁሉንም በአንድ ቀን አታስቀይሩ፤ ሲያማችሁ የትኛው እንዳመማችሁ አታውቁም። ቁመት ከተቀየረ የፊት መብራቱን አቅጣጫ አስተካክሉ። ስፖኪዮውንም።

እግር 46 ቁጥር የሆነ ሰው ደግሞ የማርሹ መምቻ ሥር ጫማው አይገባለትም። መምቻው የታሰረበት ዘንግ ጥርስ ጥርስ ነው። ፈትታችሁ አንድ ጥርስ ወደ ላይ አድርጋችሁ እሰሩት። በነፃ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

ለመለካት ስትመጡ የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ኑ። የቡት ሶል 3 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ እኛ እዚህ የምንጨቃጨቀው ስለ 2 ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ በነጠላ ጫማ መጣ። ቡትህን አድርገህ ና ብዬ መለስኩት። ቤቱ ለገጣፎ ነው።